ቫውቸር፦ ገንዘብ ነው ወይስ የገንዘብ ዋስ?

በዛሬው ዓምዳችን የምናነሣው ስለ አንዲት ትንሽ ወረቀት ነው። ታክሲ የሚነዱም ሆኑ ሱቅ ያላቸው ወገኖቻችን በየዕለቱ ያገኟታል። ስሟ ቫውቸር ይባላል።

ነገሩን በምሳሌ እንጀምር። ከሌሊቱ አምስት ሰዓት ላይ በረራ የተሰረዘበት መንገደኛ ታክሲ ውስጥ ይገባል። ጥሬ ገንዘብ አይከፍልም፤ አየር መንገዱ የሰጠውን ቫውቸር ያቀብላል። ሾፌሩ ሆቴሉ ድረስ ያደርሰዋል፤ ሜትሩ 48 ዶላር ይላል። መንገደኛው ሻንጣውን አንሥቶ ይሄዳል። ሾፌሩ በሳምንቱ ወረቀቱን ይዞ ቢሮ ሲቀርብ «የተሳፋሪው ፊርማ የለበትም፤ አንከፍልም» ይባላል። ነዳጁ ነዷል፣ ሌሊቱም አልፏል፤ ገንዘቡ ግን የለም።

ለመሆኑ ቫውቸር ምንድን ነው? ቃሉ ወደ እንግሊዝኛ የገባው ከድሮ ፈረንሳይኛ ሲሆን፣ ሥሩ በላቲን «መጥራት» ማለት ነው። በጥንቱ የሕግ አነጋገር ዋስ ወይም ምስክር መጥራትን ያመለክት ነበር። በአገራችን ሙግት «ዋስ ጥራ» እንደሚባለው መሆኑ ነው። ስለዚህ ቫውቸር ራሱ ገንዘብ አይደለም፤ ስለ ገንዘቡ የሚመሰክር ወረቀት ነው። አዲስ አበባ በሒሳብ ክፍል የሠራችሁ «ያዘጋጀው፣ ያረጋገጠው፣ ያጸደቀው» የሚሉትን የፊርማ ቦታዎች ታስታውሳላችሁ። አንዱ ፊርማ ከጎደለ ገንዘብ ያዡ ሣጥኑን አይከፍትም። የዚህ አገሩም ጠባይ ይኸው ነው። እንግዲህ ቫውቸር ሲሰጣችሁ ሦስት ነገር ጠይቁ፦ ከፋዩ ማን ነው? በምን ውል ይከፍላል? እስከ መቼስ ይሠራል?

ለታክሲ ባለንብረቶች

ቫውቸሩን ያወጣው ድርጅት እናንተ ከምትሠሩበት የታክሲ ኩባንያ ጋር ውል እንዳለው አስቀድማችሁ አረጋግጡ። ውል ከሌለው ጉዞው ከመጀመሩ በፊት ለተሳፋሪው በትሕትና ንገሩት። ቀኑን፣ መነሻና መድረሻውን፣ የታክሲውን ቁጥርና የሜትሩን ሒሳብ ሞልታችሁ፣ ተሳፋሪው ከመውረዱ በፊት አስፈርሙ። የገንዘብ ጣሪያ ወይም የጊዜ ገደብ ካለው ተመልከቱ። ኩባንያው ለአገልግሎቱ የሚቆርጠው ካለ ስንት እንደሆነ ጠይቁ። ቅጂ ወይም ፎቶግራፍ ሳታስቀሩ ወረቀቱን ከእጃችሁ አታውጡ።

ለባለሱቆች

ዊክ የሚባለው የእናቶችና የሕፃናት ምግብ ዕርዳታ ለብዙ ዘመን የሚሠራው በወረቀት ቫውቸር ነበር። ፉድ ስታምፕም (ዛሬ ስናፕ የሚባለው) በኩፖን ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2004 በመላ አገሪቱ በካርድ ተተካ። ዊክም ዛሬ በአብዛኛው የካርድ ሆኗል። መልኩ ይለወጥ እንጂ ጠባዩ ያው ነው። ከፋዩ መንግሥት ነው፤ ውሉም ጥብቅ ነው። በዊክ የሚሸጠው በዝርዝሩ ውስጥ ያለው ምግብ ብቻ ነው፤ ወተት አልቋል ተብሎ በለስላሳ አይተካም። በስናፕም ቢራ፣ ሲጋራና ሳሙና አይሸጥም።

ከሁሉ የከፋው አደጋ የሚመጣው በይሉኝታ በኩል ነው። የምታውቁት ደንበኛ «ጋሼ፣ ከካርዴ ላይ 100 ዶላር ይቁረጡና 50ውን በእጄ ይስጡኝ» ይላችኋል። ዕርዳታውን በጥሬ ገንዘብ መግዛት ወንጀል ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ ቢሆን እንኳ ሱቁ ከስናፕ ለዘለቄታው ሊታገድ ይችላል። ያደረገው ሠራተኛ ቢሆንም ተጠያቂ የሚሆነው ባለሱቁ ነው።

ዜግነት ላላገኙ ወገኖቻችን ደግሞ ነገሩ ከሱቅም ያልፋል። በማጭበርበር ተፈርዶበት ጉዳቱ ከ10,000 ዶላር በላይ የሆነ ሰው፣ ግሪን ካርድ ቢኖረውም፣ በኢሚግሬሽን ሕግ ከአገር ሊባረር ይችላል። በትንሽ በትንሹ የተቆረጠው ሲደመር እዚህ ቁጥር ላይ ለመድረስ ብዙ ጊዜ አይወስድም። ከእርሻ ሚኒስቴር የክስ ደብዳቤ ከደረሳችሁ መልስ ለመስጠት ያላችሁ ጊዜ 10 ቀን ብቻ ነው። መሳቢያ ውስጥ አታስቀምጡት፤ መልሱንም ሳትጽፉ ጠበቃ አማክሩ።

ሱቃችሁ ራሱ የስጦታ ቫውቸር የሚሸጥ ከሆነ ደግሞ ዋሱ እናንተ ናችሁ። ለእያንዳንዱ ቁጥር ስጡ፤ የተሸጠበትንና ዕቃ የተወሰደበትን ቀን በመዝገብ ያዙ። ገንዘቡ እጃችሁ ቢገባም የዕቃው ዕዳ ገና አልተከፈለም።

ግብርን በሚመለከት

በራሱ ታክሲ የሚሠራ ወይም ሱቅ ያለው ሰው ከገቢው ላይ ግብር የሚቆርጥለት አሠሪ የለውም። የዓመቱ የፌዴራል ግብር ዕዳው 1,000 ዶላርና ከዚያ በላይ ይሆናል ብሎ የሚገምት ሰው በአብዛኛው በዓመት አራት ጊዜ መክፈል አለበት። ቀኖቹ ኤፕሪል 15፣ ጁን 15፣ ሴፕቴምበር 15 እና የሚቀጥለው ዓመት ጃኑዋሪ 15 ናቸው። ቀኑ በዕረፍት ቀን ላይ ከዋለ ወደሚቀጥለው የሥራ ቀን ይተላለፋል። ለዚህ የሚያገለግለው ፎርም 1040-ኢ.ኤስ. ሲሆን በውስጡ አራት ቫውቸሮች አሉት። እነዚህ ገንዘብ የሚያመጡ ሳይሆኑ ከምትልኩት ቼክ ጋር የሚሄዱ ናቸው፤ ገንዘቡ የማን እንደሆነና የየትኛው ዓመት እንደሆነ ይመሰክራሉ። በኢንተርኔት የሚከፍል ሰው ወረቀቱ አያስፈልገውም፤ የከፈለበትን ማረጋገጫ ግን ያስቀምጥ።

ይህ ጽሑፍ ለጠቅላላ ዕውቀት እንጂ ለእያንዳንዱ ሰው ጉዳይ የተሰጠ የሕግ ምክር አይደለም። ችግር ሲገጥማችሁ ጠበቃ ወይም የሒሳብ ዐዋቂ ጠይቁ። ሳይቃጠል በቅጠል እንደሚባለው፣ ፊርማ የጎደለውን ቫውቸር ተሳፋሪው መኪና ውስጥ ሳለ ማስፈረም አንድ ደቂቃ ይፈጃል፤ ከወረደ በኋላ ግን ፈልጎ የሚያገኘው የለም።

ቸር ይግጠመን።