ሽጉጡ ሲያንስ ገበያው ለምን ሰፋ?

የጦር መሣሪያ ንግድ ለብዙ አንባቢዎቻችን ከሩቅ የሚታይ፣ ቢቀርቡትም የማይመች ንግድ ነው። ይሁን እንጂ ባለፉት ዓመታት በአሜሪካ የአነስተኛ ሽጉጥ ገበያ የታየው ነገር ማንኛውንም ዕቃ ለሚያስመጣ፣ ለሚያሻሽጥ ወይም አክሲዮን ለሚገዛ ሰው የሚያስተምረው አለው። ለመሆኑ አዲስ ዕቃ ገበያ ላይ ሲወጣ የመጀመሪያዎቹ ገዢዎች የሚሰጡት አስተያየት ለባለገንዘብ ምን ይነግረዋል? ምኑንስ አይነግረውም? በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዘመናት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ነገሩ ከሕግ ጀመረ

በመስከረም 1994 በአሜሪካ በወጣ ሕግ ለሲቪል ገዢ የሚመረት አዲስ የጥይት ካዝና ከ10 ጥይት በላይ እንዳይዝ ተከለከለ። ሕጉ ለ10 ዓመት ጸንቶ በ2004 ጊዜው አበቃ። አምራቾች ግን ሳይውሉ ሳያድሩ የራሳቸውን ሒሳብ ሠርተው ነበር። 15 እና 17 ጥይት ይይዝ የነበረው ትልቅ ሽጉጥ 10 ብቻ የሚይዝ ከሆነ ገዢው ያን ሁሉ ብረት ለምን ይሸከማል? የኦስትሪያው ግሎክ በ1995 ሞዴል 26 የተባለውን አጭር ሽጉጥ አቀረበ። 10 ጥይት ይይዛል፣ መጠኑ ግን ከመዳፍ ብዙም አያልፍም። በዚያው ዘመን ሽጉጥ በልብስ ሥር ለመያዝ ፈቃድ የሚሰጡ ግዛቶች እየበዙ ሄዱ፤ ቴክሳስ ሕጓን የለወጠችው በ1995 ነው። እስከ 2024 ድረስ ደግሞ ያለ ፈቃድ መያዝን የሚፈቅዱት ግዛቶች ቁጥር 29 ደርሷል። የትንሹ ሽጉጥ ፈላጊ የበዛው በዚህ መንገድ ነው።

ቀጭን ወይስ ባለ ብዙ ጥይት?

ሽጉጥን በልብስ ሥር ለሚይዝ ሰው ከርዝመቱ ይልቅ ውፍረቱ ያስቸግረዋል። ግሎክ 26 አጭር ቢሆንም ወደ 3 ሳንቲሜትር ይወፍራል፤ ምክንያቱም በካዝናው ውስጥ ጥይቶቹ በሁለት ረድፍ ተሰባጥረው ይደረደራሉ። ቀጭን ሽጉጥ መሥራት የፈለገ አምራች ጥይቶቹን በአንድ ረድፍ ይደረድራቸዋል፤ ያን ጊዜ ግን ቁጥራቸው ወደ 6 እና 7 ይወርዳል። ስሚዝ ኤንድ ዌሰን በ2012 ያወጣው ሺልድም ሆነ ግሎክ በ2015 ያወጣው ሞዴል 43 የተሠሩት በዚህ ዘዴ ነው። ገዢው ከሁለቱ አንዱን መርጦ ሌላውን ይተው ነበር።

በጥር 2018 ሲግ ሳወር ፒ 365 የተባለውን ሽጉጥ አወጣ። ስሙ በዓመት 365 ቀን የሚያዝ ነው ለማለት ነው። ውፍረቱ አንድ ኢንች ገደማ፣ ክብደቱ ግማሽ ኪሎ ነው። በካዝናው ግን 10 ጥይት ይይዛል፤ መጠኑ ከሚቀራረበው ግሎክ 43 በ4 ጥይት ይበልጣል። ምሥጢሩ ያለው ካዝናው ላይ ነው። ከታች ጥይቶቹ በጠባቡ በሁለት ረድፍ ተጠጋግተው ይቀመጣሉ፤ ወደ አናቱ ሲደርሱ ወደ አንድ ረድፍ ይገባሉ። የዝርዝር ዋጋው ወደ 600 ዶላር ነበር።

ተፎካካሪዎች ለመድረስ ጊዜ ወሰደባቸው። ስፕሪንግፊልድ አርሞሪ 11 ጥይት የሚይዘውን ሄልካት ያወጣው በመስከረም 2019 ነው። ስሚዝ ኤንድ ዌሰን ሺልድ ፕላስን፣ ስተርም ሩገር ደግሞ ማክስ 9ን ያወጡት በመጋቢት 2021 ነው። እንግዲህ ሲግ በዚህ መጠንና በዚህ የጥይት ብዛት ያለ ተፎካካሪ የሸጠው ለ20 ወር ገደማ መሆኑ ነው። ከዚያ በኋላ ዕቃው በየሱቁ መስኮት ጎን ለጎን ተደርድሮ በዋጋ መወዳደር ጀመረ።

አፍቃሪዎቹ ምን አሉ?

በአሜሪካ የሽጉጥ አፍቃሪ ማለት አዲስ ሞዴል ሲወጣ ቀድሞ ገዝቶ፣ ተኩሶ፣ ፈትቶና ገጣጥሞ አስተያየቱን ለሌላው የሚናገር ሰው ነው። ቸርቻሪውም የሚያዘው የእነዚህን ሰዎች ወሬ ሰምቶ ነው። ስለ ትናንሾቹ ሽጉጦች ያሉት በአጭሩ እንዲህ ነው።

ምስጋናው ግልጽ ነው። ቀኑን ሙሉ ተይዞ አይከብድም፣ በስስ ሸሚዝ ሥር እንኳ አይታይም፣ የጥይቱም ቁጥር ከትልቁ ብዙ አይርቅም። ቅሬታውም ያው ግልጽ ነው። ቀላል ሽጉጥ ሲተኮስ ክፉኛ ይራገጣል። እጀታው አጭር በመሆኑ ትንሿ ጣት መያዣ ታጣለች። የካዝናው ሞላ ጠንካራ ስለሆነ የመጨረሻዎቹን ጥይቶች ለመክተት አውራ ጣት ይታመማል። 50 ጥይት ተኩሶ እጁ የደከመ ሰው ልምምድ ይተዋል፤ ያልተለማመደበትን ሽጉጥ ይዞ መዞር ደግሞ ለራሱም ለሌላውም አደጋ ነው።

አምራቾች ይህን ቅሬታ ሰምተው መልሱን በአዲስ ዕቃ ሸጡት። ሲግ በ2019 ረዘም ያለውን ፒ 365 ኤክስ ኤል፣ በ2022 ደግሞ 17 ጥይት የሚይዘውን ኤክስ ማክሮ አወጣ። ስፕሪንግፊልድ በ2021 ሄልካት ፕሮን በ15 ጥይት አቀረበ። በማነሱ የተወደደው ዕቃ መልሶ አደገ ማለት ነው፤ ገዢውም ሁለተኛ ጊዜ ከፈለ። በተጨማሪም በፒ 365 ላይ መለያ ቁጥር ያለበትና በሕግ እንደ መሣሪያ የሚቆጠረው ክፍል ከእጀታው ውስጥ የሚወጣ ትንሽ ብረት ነው። እጀታው ብቻውን እንደ ማንኛውም መለዋወጫ ይሸጣል። ምላጭ ሻጭ መያዣውን አንዴ ሸጦ በምላጩ ለዓመታት እንደሚያተርፈው ሁሉ፣ እዚህም ገንዘቡ ከመጀመሪያው ሽያጭ በኋላ ይመጣል።

በሌላው ጫፍ ደግሞ ስሚዝ ኤንድ ዌሰን በሐምሌ 2024 ቦዲጋርድ 2.0ን አወጣ። ጥይቱ ከ9 ሚሊሜትር ደከም ያለው 380 ነው። ክብደቱ ያለ ጥይት ከ300 ግራም በታች፣ የዝርዝር ዋጋው 449 ዶላር ነው። የቀድሞው ቦዲጋርድ ቃታው ረጅምና ከባድ ነው ተብሎ ይወቀስ ነበር፤ አዲሱ የተመሰገነው በተለይ ቃታው በመቅለሉ ነው።

የመጀመሪያው ገዢ የሚከፍለው

አሁን ወደ ዋናው ነጥብ እንምጣ። ፒ 365 በወጣ በመጀመሪያዎቹ ወራት ምስጋናው ሳይበርድ ሌላ ወሬ ተከተለ። አንዳንድ ገዢዎች የጥይቱን ቂጥ የሚመታው መርፌ ተሰበረብን አሉ። ሌሎች ተኩሰው ያነሱትን ቀለሃ እያሳዩ መርፌው ቂጡን ጭሮት እንደሚወጣ ተናገሩ። በኋላ የተመረቱት የተሻሉ ሆነው ተገኙ፤ ሽጉጡም ገበያውን ይዞ ቀጠለ። ነገር ግን ጉድለቱን ፈትኖ ያገኘው ሙሉ ዋጋ የከፈለው የመጀመሪያው ገዢ ነው።

ነገሩ በአንድ ኩባንያ ብቻ የታየ አይደለም። ስፕሪንግፊልድ በ2013 ኤክስ ዲ ኤስ የተባለው ቀጭን ሽጉጡ ጥይት ሲጎርስ ቃታው ሳይነካ ሊተኩስ ይችላል ብሎ ከገዢዎች መልሶ ሰብስቧል። ስሚዝ ኤንድ ዌሰንም በኅዳር 2020፣ በዚያው ዓመት ከመጋቢት እስከ ጥቅምት የተመረቱትን ሺልድ ኢዚ 9 ሽጉጦች በመምቻው ጉድለት የተነሳ ለምርመራ ጠርቷል። ሬዲዮ ቢበላሽ ባለቤቱ ዘፈን ያመልጠዋል፤ ሽጉጥ ቢበላሽ ግን የሚያመልጠው ሌላ ነው።

ስለዚህ ልምድ ያላቸው አፍቃሪዎች አንድ ልማድ አላቸው። አዲስ ሽጉጥ ቢያንስ ጥቂት መቶ ጥይት ሳይተኮስበት አይታመንም ይላሉ። አስተያየትን ለሚያነብ ባለገንዘብም መለኪያው ይኸው ነው። በመጀመሪያው ሳምንት የሚሰማው አድናቆት የሚለካው ጉጉትን ነው። ዕቃውን የሚለካው ከወራት በኋላ፣ ብዙ ከተተኮሰበት ዘንድ የሚመጣው ቃል ነው።

ፍርሃት የገዛው ሁሉ አይደገምም

ጥሩ ዕቃና ጥሩ ዓመት አንድ አይደሉም። ኤፍ ቢ አይ ሽጉጥ ገዢዎችን የሚያጣራበት አሠራር አለ፤ የምርመራው ቁጥር በየወሩ ስለሚታተም የአክሲዮን ደላሎች ይከታተሉታል። ቁጥሩ በ2019 ከነበረበት 28.4 ሚሊዮን ወረርሽኙ፣ ሁከቱና ምርጫው በተገጣጠሙበት በ2020 ወደ 39.7 ሚሊዮን ዘለለ። ይህ ቁጥር የሽያጭ ቁጥር እንዳልሆነ መታወቅ አለበት። የመያዣ ፈቃድ ምርመራ አብሮ ይቆጠራል፤ በአንድ ምርመራም ከአንድ በላይ መሣሪያ ሊገዛ ይችላል።

ስሚዝ ኤንድ ዌሰን በሚያዝያ 2021 በተዘጋው የሒሳብ ዓመት ከ1 ቢሊዮን ዶላር በላይ ሸጠ። በቀጣዩ ዓመት 864 ሚሊዮን፣ ከዚያ በኋላ ባለው 479 ሚሊዮን ሆነ። በሁለት ዓመት ውስጥ ከግማሽ በላይ ወረደ ማለት ነው። ሩገርም በ2021 ከነበረው 731 ሚሊዮን በ2023 ወደ 544 ሚሊዮን ወርዷል። ሽጉጦቹ በእነዚህ ዓመታት አልከፉም፤ እንዲያውም ተሻሽለዋል። ፈርቶ ለመግዛት የተሰለፈው ሰው ግን ገዝቶ ጨርሷል። የ2021ን ሽያጭ የወደፊቱ መነሻ አድርጎ በዚያ ዋጋ አክሲዮን የገዛ ሰው ከስሯል።

ሌላም መታወቅ ያለበት ነገር አለ። ገበያውን የለወጠው ሲግ ሳወርም ሆነ ግሎክ የግል ኩባንያዎች ስለሆኑ አክሲዮናቸው በገበያ አይገኝም። በአክሲዮን ገበያ የሚገኙት ዋነኞቹ የሽጉጥ አምራቾች ስሚዝ ኤንድ ዌሰን እና ሩገር ናቸው፤ ሁለቱም በዚህ መጠን ውድድር ተከታይ ነበሩ። አፍቃሪዎች ያመሰገኑት ዕቃ ሌላ፣ ባለገንዘብ ሊገዛ የሚችለው ድርሻ ሌላ ሊሆን እንደሚችል ከዚህ መማር ይቻላል።

በሒሳብ መዝገብ የማይገባው

የዚህ ዕቃ ወጪ በአምራቹ መዝገብ ላይ ብቻ አይጻፍም። በአሜሪካ በ2021 ብቻ 48,830 ሰዎች በጦር መሣሪያ ሞተዋል፤ ከእነዚህ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ራሳቸውን ያጠፉ ናቸው። አምራቾችን ሌሎች ሰዎች በመሣሪያው ለሚፈጽሙት ወንጀል ከመከሰስ በአብዛኛው የሚከላከል ሕግ በ2005 ወጥቷል። የሜክሲኮ መንግሥት በስሚዝ ኤንድ ዌሰን ላይ ያቀረበውንም ክስ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በሰኔ 2025 በሙሉ ድምፅ ውድቅ አድርጎታል። ይህ ከለላ በሕግ የመጣ ነው፤ በሕግም ሊሄድ ይችላል። ገንዘቡን እዚያ የሚያስቀምጥ ሰው ከትርፉ ጋር ይህንንም መመዘን ይኖርበታል።

ለገበያ ሰው የሚቀረው እንግዲህ ሦስት ጥያቄ ነው። አዲሱ ዕቃ ከቀድሞው የሚለይበት ነገር ተፎካካሪ ለመቅዳት ስንት ወር ይፈጅበታል? ያመሰገነው ሰው ዕቃውን ምን ያህል ተጠቀመበት? ሽያጩ የጨመረው በዕቃው ነው ወይስ በሰሞኑ ስጋት? የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን አፍቃሪዎች ሊመልሱ ይችላሉ። ሦስተኛውን የሚመልሰው ግን በቸርቻሪውና በጅምላ አከፋፋዩ መጋዘን ያለው ክምችት ነው። ሩገር በየሩብ ዓመቱ ሪፖርቱ ከአከፋፋይ ወደ ቸርቻሪ ስንት መሣሪያ እንዳለፈ ግምቱን ያወጣል፤ አምራቹ ለአከፋፋይ ሸጥኩ ካለው ቁጥር ጎን አስቀምጦ ማንበብ ይበጃል። ሁለቱ መራራቅ ከጀመሩ ዕቃው መጋዘን ውስጥ እየተቆለለ ነው፤ ቅናሹም ሩቅ አይሆንም።