የአንድ ሰው ስህተት የብዙዎች ጉዳት እንዳይሆን፦ የሶፍትዌር መሐንዲሶች አሠራር በታላላቅ ኩባንያዎች

በታላላቅ የቴክኖሎጂ ኩባንያዎች ስለሚሠራ የሶፍትዌር መሐንዲስ ሲነሣ በብዙዎች አእምሮ የሚመጣው ለብቻው ተቀምጦ የኮምፒውተር ፕሮግራም የሚጽፍ ባለሙያ ነው። የሥራው አደረጃጀት ግን ከዚህ የተለየ ነው። አንድ መሐንዲስ የሚጽፈው ጥቂት መስመር በሚሊዮን የሚቆጠሩ ሰዎች የሚገለገሉበትን ሥርዓት ሊያሻሽል ወይም ሊያቋርጥ ይችላል። በመሆኑም የተጻፈውን መመርመር፣ መሞከርና ሥራ ላይ ከዋለ በኋላ መከታተል የሥራው ዐቢይ ክፍል ነው።

የሥራውን ስፋት ለመገንዘብ እ.ኤ.አ በ1998 በላሪ ፔጅና በሰርጌይ ብሪን የተመሠረተውን የጎግልን አሠራር መመልከት ይቻላል። የኩባንያው ባለሙያዎች እ.ኤ.አ በ2016 ባሳተሙት ጽሑፍ እንደተመለከተው፣ በጃንዋሪ 2015 የኩባንያው ኮድ 2 ቢሊዮን ያህል መስመር የነበረው ሲሆን፣ ከ25 ሺህ በላይ መሐንዲሶች በጋራ በሚጠቀሙበት አንድ ማከማቻ ውስጥ ይቀመጥ ነበር። በአንድ የሥራ ቀን በመሐንዲሶች 16 ሺህ፣ ያለ ሰው እጅ በሚሠሩ ፕሮግራሞች ደግሞ 24 ሺህ ያህል ለውጦች ይገቡበት ነበር።

እንዲህ ባለ የጋራ ንብረት ላይ ማንም ብቻውን አይወስንም። ትልቅ ሥራ ከመጀመሩ በፊት መሐንዲሱ ዓላማውን፣ ያሉትን አማራጮችና አንዱን የመረጠበትን ምክንያት የሚያስረዳ የንድፍ ሰነድ አዘጋጅቶ ለባልደረቦቹ አስተያየት ያቀርባል። ኮዱ ከተጻፈ በኋላም ሌላ መሐንዲስ መርምሮ ያጸድቀዋል። የብዙ ዓመት ልምድ ያለው ባለሙያ የጻፈውም ቢሆን በሌላ ሰው ዓይን መታየቱ አይቀርም። ምርመራው ሥራ ማጓተቻ እንዳይሆን፣ ኩባንያው ይፋ ያደረገው መመሪያ ለምርመራ ጥያቄ ምላሽ መስጫውን ጊዜ ቢበዛ አንድ የሥራ ቀን አድርጎታል። መርማሪው አስተያየቱን በኮዱ ላይ እንጂ በጸሐፊው ላይ እንዳይሰነዝርም መመሪያው ያሳስባል።

ቀጣዩ ምዕራፍ ለውጡን ለተጠቃሚው ማድረስ ነው። ለውጡ የተፈተነ ቢሆንም እንኳ በመጀመሪያ በጥቂት ሰርቨሮች ላይ ይጫናል፤ ችግር ካልታየበት ደረጃ በደረጃ ይሰፋል፤ ከታየበት ወደ ቀድሞው ይመለሳል። የዚህ ጥንቃቄ አስፈላጊነት እ.ኤ.አ ጁላይ 19 ቀን 2024 በግልጽ ታይቷል። በዕለቱ ክራውድስትራይክ የተባለው የደኅንነት ሶፍትዌር ኩባንያ ጉድለት ያለበት ማሻሻያ ለደንበኞቹ በማሰራጨቱ፣ በማይክሮሶፍት ግምት 8 ነጥብ 5 ሚሊዮን ያህል የዊንዶውስ ኮምፒውተሮች ችግር ደርሶባቸዋል። በረራዎች ተሰርዘዋል፤ የሆስፒታሎችና የባንኮች አገልግሎትም ተስተጓጉሏል። ኩባንያው ከዚያ በኋላ መሰል ማሻሻያዎችን በየደረጃው እንደሚያሰራጭ አስታውቋል።

አገልግሎቱ ሳይቋረጥ እንዲዘልቅ ማድረግም ራሱን የቻለ ሙያ ሆኗል። ጎግል እ.ኤ.አ በ2003 በቤን ትሬይነር መሪነት የአስተማማኝነት መሐንዲሶችን ቡድን አቋቁሟል። የቡድኑ አባላት በየተራቸው ተረኛ ሆነው ድንገተኛ ብልሽት ሲያጋጥም ይደርሳሉ። ከእሳት ማጥፋት ሥራ እንዳይወጡ በመስጋትም፣ ለዕለታዊ የጥገናና መሰል ሥራዎች የሚያውሉት ጊዜ ከግማሽ እንዳይበልጥ ተወስኗል። ቀሪው ጊዜ ችግሩ ተመልሶ እንዳይመጣ የሚያደርግ ሶፍትዌር የሚሠሩበት ነው።

ይህ ሙያ ካስተዋወቃቸው አሠራሮች አንዱ «የስህተት በጀት» ነው። አንድ አገልግሎት 99 ነጥብ 9 ከመቶ የሚሆነውን ጊዜ እንዲሠራ ግብ ከተያዘለት፣ በ30 ቀናት ውስጥ 43 ደቂቃ ያህል መቋረጥ ይፈቀድለታል ማለት ነው። ይህ በጀት ካለቀ አዳዲስ ለውጦችን መልቀቅ ይገታና አገልግሎቱን ማረጋጋት ቅድሚያ ያገኛል። በዚህም አዲስ ነገር ለመጨመር በሚቸኩለውና መረጋጋትን በሚሻው ወገን መካከል የሚነሣው ክርክር በቁጥር ይዳኛል።

ጥንቃቄው ሁሉ ተደርጎም ስህተት ይፈጸማል። እ.ኤ.አ ፌብሩዋሪ 28 ቀን 2017 በአሜሪካ ሰሜን ቨርጂኒያ የሚገኘው የአማዞን የመረጃ ማከማቻ አገልግሎት ለአራት ሰዓታት ያህል ተቋርጦ ነበር። ኩባንያው ባወጣው መግለጫ መሠረት፣ ሥልጣን የተሰጠው አንድ ሠራተኛ ጥቂት ሰርቨሮችን ከሥራ ለማስወጣት ያስገባው ትእዛዝ ስህተት ስለነበረበት ከታሰበው በላይ ሰርቨሮች ወጥተዋል። ስለ ብልሽቱ ለደንበኞች የሚገለጽበት ገጽም በዚያው ማከማቻ ላይ የተመሠረተ በመሆኑ ወቅታዊ መረጃ ማቅረብ ሳይቻል ቀርቷል። መግለጫው የሠራተኛውን ስም አላነሣም። ይልቁንም መሣሪያው ሰርቨሮችን ቀስ በቀስ ብቻ እንዲያስወጣና ከዝቅተኛው መጠን በታች እንዳያወርድ መደረጉን ዘርዝሯል።

ወቀሳ የሌለበት ምርመራ የሚባለው አሠራር መነሻ ይኸው ነው። ሠራተኛው ቅጣትን ፈርቶ የሆነውን ከደበቀ ድርጅቱ ክፍተቱን ሳያውቀው ይቀራል፤ ያው ስህተትም በሌላ ሰው እጅ ይደገማል። ይህ ማለት ግን ኃላፊነት የለም ማለት አይደለም። የተፈጠረው ችግር፣ መንስኤውና የማስተካከያ እርምጃው በጽሑፍ ይሰፍራል፤ ለእያንዳንዱ እርምጃም ፈጻሚ ይመደባል።

ጉዳዩ ለኢትዮጵያም እንግዳ አይደለም። በመጋቢት ወር 2016 ዓ.ም በኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሥርዓት ላይ ባጋጠመ ችግር ደንበኞች በሒሳባቸው ካለው በላይ ገንዘብ ማውጣትና ማስተላለፍ ችለው ነበር። ባንኩ መንስኤው የሳይበር ጥቃት ሳይሆን ከመደበኛ የሥርዓት ማሻሻያ ሥራ ጋር የተያያዘ መሆኑን አስታውቋል።

ሰው ሠራሽ አስተውሎት ኮድ መጻፍ መጀመሩም የምርመራውን አስፈላጊነት አልቀነሰም። የጎግል ዋና ሥራ አስፈጻሚ ሰንዳር ፒቻይ እ.ኤ.አ በኦክቶበር 2024 እንደገለጹት፣ ከኩባንያው አዲስ ኮድ ከሩብ በላይ የሚሆነው በሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚመነጭ ሲሆን፣ መሐንዲሶች መርምረው ይቀበሉታል።

አገልግሎታቸውን በኮምፒውተር ሥርዓት ለሚያካሂዱ መሥሪያ ቤቶች ከዚህ አሠራር የሚወሰደው ትምህርት ግልጽ ነው። አንድ ሥርዓት ሥራ ላይ ከመዋሉ በፊት ለውጡን ማን እንደመረመረው፣ በምን ያህል ተጠቃሚ ላይ እንደተሞከረ፣ ወደ ቀድሞው መመለስ ይቻል እንደሆነና በሌሊት ቢበላሽ ተረኛው ማን እንደሆነ መጠየቅ የኮምፒውተር ባለሙያ መሆንን አይጠይቅም።