የተበደለ ሰው ይናገር ዘንድ ከለላ ያሻዋል

በደል የደረሰበት ሰው ለፍርድ ዋና ምስክር ነው። ነገር ግን ተናግሮ የሚመጣበትን የሚፈራ ሰው አፉን ይዘጋል፤ እርሱም ዝም ሲል በዳዩ ሌላውን ለመበደል ድፍረት ያገኛል። ስለዚህ አባቶቻችን በአውጫጭኝ ሥርዓት ወንጀለኛን የሚያመለክተውን ሰው «ወፍ» እያሉ ስሙን ይሰውሩለት ነበር።

ይህ ፍርሃት ይልቁንም በሰው አገር በሚኖር ስደተኛ ላይ ይበረታል። ወደ ፖሊስ ቢሄድ በዳዩ ቀርቶ እርሱ ራሱ ተይዞ ከአገር የሚባረር ይመስለዋልና። የአሜሪካ መንግሥት ይህን ፍርሃት ለማራቅ በ1993 ዓ.ም. ባወጣው ሕግ ሁለት ዐይነት ቪዛ አቆመ። «ቲ» የተባለው እንደ ዕቃ ለተነገደባቸው ሰዎች ነው፤ «ዩ» የተባለው ደግሞ በቤት ውስጥ ድብደባ፣ በመደፈር፣ በጠለፋና ይህን በመሰለ ወንጀል ተጎድተው ፖሊስን ወይም ዐቃቤ ሕግን ለሚረዱ ነው። በየዓመቱ የተወሰነው ቍጥር ለ«ቲ» 5,000፣ ለ«ዩ» 10,000 ነው። ሁለቱም እስከ 4 ዓመት ያኖራሉ፤ የትዳር ጓደኛና ልጆችም አብረው ሊጠቀሙ ይችላሉ። ሆኖም የ«ዩ» አመልካች ከተወሰነው ቍጥር እጅግ ስለሚበልጥ ተራው ብዙ ዓመት ያስጠብቃል።

ከለላ ያገኘ ተበዳይ ምን ያህል እንደሚደፍር አንዲት ኢትዮጵያዊት አሳይታለች። ይህች ሴት በየመን ዋና ከተማ በሰንዓ፣ በአንዲት የአሜሪካ መንግሥት ሠራተኛ ቤት አገልጋይ ነበረች። በዚያ ስለ ደረሰባት ግፍ በቨርጂንያ በሚገኝ የፌዴራል ፍርድ ቤት የካሣ ክስ አቀረበች፤ እውነተኛ ስሟም ተሰውሮ «ሣራ ሮ» ተብላ ተከራከረች። በ2009 ዓ.ም. 3 ሚሊዮን ዶላር ተፈረደላት፤ በ2011 ዓ.ም. ይግባኝ ሰሚው ፍርዱን አጸናው።

ወደ የመን የሚወስደውን መንገድ የምዕራብ ሐረርጌ ሰው በሚገባ ያውቀዋል። ከአሰበ ተፈሪ ዙሪያና እንደ ቦኬ ካሉት ወረዳዎች የሚነሡ ወጣቶች በጅቡቲ በኩል ባሕሩን ተሻግረው፣ የመንን አቋርጠው ሳዑዲ ዓረቢያ ለመግባት ይደክማሉ። ደላላውም ብዙ ጊዜ ባዕድ አይደለም፤ ጎረቤት ወይም ዘመድ ይሆናል። አባት በሬውን ሸጦ ከፍሎ ልጁ ተጎድታ ስትመለስ፣ ነገሩ በሽማግሌ ይለቅ ይባላል፤ ልጅቱም ነውር እንዳይወራባት ዝም በይ ትባላለች።

በአገራችንም ከለላ የሚሰጥ ሕግ አለ። የወንጀል ምስክሮችና ጠቋሚዎች ጥበቃ አዋጅ ቍጥር 699/2003 የምስክሩን ማንነት መሰወርን፣ መኖሪያውን መለወጥንና በዝግ ችሎት መመስከርን ይፈቅዳል፤ በሰው መነገድንም አዋጅ ቍጥር 1178/2012 በብርቱ ይቀጣል። ነገር ግን በወረቀት ያለ ከለላ ተበዳዩ ካላወቀው ምን ይጠቅመዋል?

ስለዚህ ሹም የሆነ ሁሉ፣ ተበዳይ ወደ ደጁ ሲመጣ ከመጠየቁ አስቀድሞ ይህን መብቱን ይንገረው። አባትና እናትም ከስደት የተመለሰችውን ልጃቸውን ስላጠፋችው ገንዘብ አይውቀሷት፤ ይልቁንም ለመመስከር ስትነሣ አጠገቧ ይቁሙ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም እንደ ተባለ፣ በደሏን የሸሸገ ቤተ ሰብ ደላላውን ወደ ጎረቤቱ ልጅ ይልካል።