የሙምባይ ክረምት

በሕንድ ምዕራባዊ ጠረፍ፣ ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን 19 ዲግሪ ላይ የተቀመጠችው፣ ቀድሞ ቦምባይ ትባል የነበረችው ሙምባይ፣ ሙቀት ከቶ የማይለያት ከተማ እንደ መሆኗ፣ ዓመቷን በወቅት የሚከፍለው ብርድ ሳይሆን የነፋስ አቅጣጫ ነው። በጥር ሌሊቱ ወደ 17 ዲግሪ ገደማ ሲወርድ ነዋሪው ሹራብ ይደርባል፤ ይህንንም የደጋ ሰው ብርድ ብሎ ለመጥራት ይቸግረዋል። በሚያዝያና በግንቦት ግን አየሩ ከባሕር በሚነሣው እርጥበት ስለሚከብድ ጥላ እንኳ ዕረፍት አይሰጥም።

ሕዝቡ ዓይኑን ወደ ባሕር አቅንቶ ሲጠባበቀው የከረመው ዝናም የሚገባው በሰኔ መጀመሪያ ነው። የሰሜን ሕንድ ምድር በፀሐይ ሲግል በላዩ ያለው አየር ሳስቶ ወደ ላይ ይወጣል፤ ስፍራውን ሊሞላ ከደቡባዊው የሕንድ ውቅያኖስ የሚነሣው ነፋስም የምድርን ወገብ ተሻግሮ፣ በመሬት መዞር ምክንያት ወደ ቀኝ እየታጠፈ፣ የምሥራቅ አፍሪካንና የእኛኑ የኢትዮጵያን ተራሮች እንደ ቅጥር ተደግፎ፣ በሶማሌ ጠረፍ በኩል ወደ ዐረብ ባሕር ይገሠግሣል። ከባሕሩ እርጥበት ጠግቦ ከሙምባይ በስተ ኋላ ከቆሙት ከሳህያድሪ ተራሮች ሲደርስ ግን፣ ሽቅብ ለመውጣት ስለሚገደድ ይቀዘቅዛል፤ የተሸከመውንም በከተማይቱና በተራሮቹ ላይ ያራግፋል። ከተራራው ማዶ ላለችው ለፑኔ የሚደርሳት ትርፉ ብቻ ነው።

ሙምባይ በዓመት የምታገኘው ዝናም ከ2000 ሚሊ ሜትር ይበልጣል፤ ከአሥር ዘጠኙ እጅም የሚወርደው በአራት ወር ውስጥ ነው። አወራረዱም ለሰፈር ሁሉ እኩል አይደለም፤ ሐምሌ 19 ቀን 1997 ዓ.ም.፣ እኛ የሐምሌ ገብርኤልን በምናከብርበት ዕለት፣ በሳንታክሩዝ መለኪያ በአንድ መዓልትና ሌሊት 944 ሚሊ ሜትር ሲመዘገብ፣ ይኸውም አዲስ አበባ በዓመት ከምታገኘው ሦስት አራተኛ ያህል ሲሆን፣ በደቡብ ጫፍ በኮላባ የወረደው 73 ብቻ ነበረ።

በዚያ መዓት በመቶ የሚቆጠሩ ሰዎች ሞቱ። ጥፋቱን ሁሉ በደመናው ማላከክ ግን ፍርደ ገምድልነት ይመስለኛል። ከተማይቱ ሰባት ደሴቶችን በአፈርና በድንጋይ በማያያዝ የተሠራች ስለሆነች ብዙው ሰፈሯ ዝቅ ያለ ነው፤ የቦዮቿም አፍ በምልዓተ ባሕር ሰዓት በባሕሩ ስለሚዋጥ፣ ጽኑ ዝናምና ሙላት የተገናኙ እንደ ሆነ ጎርፉ መሄጃ ያጣል። ውሃውን ይቀበል የነበረው የሚቲ ወንዝ ረግረግ ደግሞ በብዛት ቤትና መንገድ ሆኗል። ይኸው የሚወቀሰው ዝናም አይደለምን ቪሃርንና ቱልሲን የመሰሉትን ሐይቆች ሞልቶ ሕዝቡን እስከሚቀጥለው ሰኔ የሚያጠጣው?

ከባሕሩ ጋር በውል የሚኖሩት የጥንት ነዋሪዎቿ፣ ኮሊ የሚባሉት ዓሣ አጥማጆች ናቸው፤ ማዕበሉ በሚበረታበት ወራት ጀልባቸውን ወደ የብስ ስበው ይቈያሉ፣ በነሐሴ ገደማ ጨረቃ ሙሉ ስትሆንም ለባሕሩ ኮኮናት መባ አድርገው ወደ ሥራቸው ይመለሳሉ።

ከተማይቱን ለመጎብኘት የምትሻ አንባቢ ጥርን ምረጥ፤ ክረምቱን ለማየት ከወደድህ ግን በሐምሌ ሂድ፣ የባሕሩን የሙላት ሰዓት ሳትጠይቅም ከማረፊያህ አትውጣ።