ቱርቦ ያለው ሞተር ሳይክልና የእንጦጦ ስስ አየር

ከሽሮ ሜዳ ተነሥቶ ወደ እንጦጦ ማርያም የሚያወጣውን ጠመዝማዛ ዳገት በሞተር ሳይክል የወጣ የጉለሌ ሰው፥ በአዋሽ ቆላ ያለ ድካም ሲጋልብበት የነበረው ያው ሞተር እዚህ ሲደርስ ጕልበቱ እንደሚከዳውና ማርሽ እየቀነሰ ለመውጣት እንደሚገደድ ሳያስተውል አይቀርም። የዚህም ምክንያቱ የሞተሩ እርጅና ወይም የመካኒኩ ስንፍና ሳይሆን የአየሩ መሳሳት ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ በ2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የተቈረቈረች ስለ ሆነች፥ በከተማይቱ ያለው የአየር ግፊት በባሕር ጠረፍ ካለው ሦስት አራተኛውን ያህል ብቻ ነው፤ 3,200 ሜትር ግድም በሚደርሰው በእንጦጦ ራስ ላይ ደግሞ ወደ ሁለት ሦስተኛ ዝቅ ይላል። ሞተር ቤንዚን ለማቃጠል የሚችለው በሳበው አየር ልክ ነውና፥ የአየሩ ሩብ ሲጐድል ከጕልበቱም ሩቡ ገደማ አብሮ ይጐድላል።

ይህን ጕድለት ለመሙላት የሰው ልጅ አእምሮ ካፈለቃቸው ጥበባት መካከል ቱርቦን የሚያህል አላውቅም። ቀጥቃጭ ወናፉን እየነፋ ፍሙን እንደሚያፋፍም ሁሉ ቱርቦም አየርን አምቆ ወደ ሞተሩ ሆድ ያስገባል፤ ነገር ግን ይህን ወናፍ የሚነፋው የሰው ክንድ ሳይሆን፥ ከሞተሩ ወጥቶ በማርሚታው በኩል በከንቱ ሊባክን የነበረው ትኩስ ጢስ ነው። ጢሱ በመንገዱ ላይ የተተከለችውን ትንሽ መዘውር ያሽከረክራል፤ ከእርሷ ጋር በአንድ ዘንግ የተያያዘችው ሁለተኛይቱ መዘውር በሌላው ወገን ንጹሑን አየር እየሳበች ታምቃለች፤ ግፊቱም ከልክ እንዳያልፍ፥ ትርፉ ጢስ መዘውሯን ሳይነካ የሚወጣበት በር አለ።

የስዊስ አገር መሐንዲስ የነበረው አልፍሬድ ቡኺ በዚህ ዐሳብ የባለቤትነት መብት ያስመዘገበው በ1905 እ.ኤ.አ. ሲሆን፥ ጥበቡ ለደጋ አገር ያለው ረብ በገሃድ የተመሰከረው በ1918 እ.ኤ.አ. ነው። በዚያ ዓመት ሳንፎርድ ሞስ የተባለ አሜሪካዊ ሊቅ፥ ሊበርቲ የተባለውን የአውሮፕላን ሞተር ከእንጦጦ በሚበልጠውና ከራስ ደጀን በሚያንሰው፥ 4,300 ሜትር ከፍታ ባለው በፓይክስ ፒክ ተራራ ላይ አውጥቶ ፈተነው፤ በባሕር ጠለል 350 የፈረስ ጕልበት የነበረው ሞተር በተራራው ላይ ወደ 230 ወርዶ ሳለ፥ ቱርቦው በተገጠመለት ጊዜ 356 ሰጠ። እንግዲህ ቱርቦን የፍጥነት ወዳዶች ጌጥ ብቻ አድርጎ መቍጠር የጥበቡን ጥንተ ነገር መዘንጋት ነው፤ ተራራ የነሣውን እስትንፋስ ለሞተር መመለስ ከቀደምት አገልግሎቶቹ አንዱ ነበርና። ዛሬም ከአዲሱ ገበያ ወደ ሱሉልታ ጭነት ይዘው ከሚወጡት የናፍጣ መኪኖች ብዙዎቹ በዚሁ መሣሪያ ስለሚረዱ፥ ቱርቦ ለሰፈራችን መካኒኮች እንግዳ አይደለም።

በሞተር ሳይክል ላይ ግን ከፋብሪካ ተገጥሞ የታየበት ዘመን እጅግ አጭር ነው። አራቱ የጃፓን ኩባንያዎች ከ1982 እስከ 1985 እ.ኤ.አ. ድረስ ሲፎካከሩ፥ ሆንዳ በ497 ሲሲ ሞተር 82 የፈረስ ጕልበት የሚሰጠውን ሲኤክስ 500 ቱርቦን፥ ቀጥሎም 100 የሚደርሰውን ሲኤክስ 650 ቱርቦን አወጣ፤ ያማሃ ኤክስጄ 650 ቱርቦን፥ ሱዙኪ በፈረስ ጕልበቱ ቍጥር የተሰየመውን ኤክስኤን 85ን፥ ካዋሳኪም 112 የፈረስ ጕልበት ያለውን 750 ቱርቦን አቀረቡ። ዋጋቸውና ክብደታቸው ከፍ ያለ ስለ ነበረ፥ ያንኑ ጕልበት ያለ ቱርቦ የሚሰጡ ትልልቅ ሞተሮችም ስለ በረከቱ፥ ሁሉም ብዙ ሳይቈዩ ከገበያ ወጡ።

እነዚህ ባለ ቱርቦ ሞተሮች የታመቀው አየርና ቤንዚን ያለ ጊዜው እንዳይነድድ ሲባል የመጭመቅ ልካቸው ዝቅ ተደርጎ ስለ ተሠሩ፥ ቱርቦው ሳይነቃ ደካሞች ናቸው፤ በጉለሌ አየር ድካሙ ይብሳል። ቱርቦው የሚጨምረው ግፊት በውጭው አየር ላይ የሚደመር ስለ ሆነም የከፍታው ጕድለት ፈጽሞ አይጠፋም። በባሕር ጠረፍ አንድ የነበረው ግፊት በእኛ ዘንድ ሦስት አራተኛ ሲሆን፥ ቱርቦው በሁለቱም ስፍራ አንድ እጅ ቢጨምር፥ ድምሩ ከሁለት ወደ አንድ ከሦስት አራተኛ ይወርዳል፤ ጕድለቱ ከሩብ ወደ ስምንተኛ አነሰ ማለት ነው፤ ይህም ለደገኛ ትንሽ ጸጋ አይደለም።

ጋላቢውን የሚፈትነው የጕልበቱ አመጣጥ ነው። የቤንዚን መስጫውን ሲጠመዝዙት ጢሱ በርክቶ መዘውሯን እስኪያፈጥናት ድረስ ጥቂት ይዘገያል፤ ከዚያም ጕልበቱ በድንገት ይደርሳል። እንጨት የተጫኑ አህዮችና ልምምድ የሚሠሩ ሯጮች በሚተላለፉበት በእንጦጦ መንገድ ይህ አደገኛ ስለ ሆነ፥ አስተዋይ ጋላቢ ከመታጠፊያው አስቀድሞ ማርሽ ቀንሶ የሞተሩን ዙር ከፍ አድርጎ ይይዛል፤ በመታጠፊያው መካከል ግን ከቶ አይጨምርም።

በአያያዝ ረገድ ከሁሉ አስቀድሞ ሊታሰብ የሚገባው ዘይት ነው። መዘውሯ በደቂቃ ከ100,000 ዙር በላይ ስትሽከረከር ዘንጉን ከመቃጠል የሚጠብቀው ከሞተሩ የሚመጣው ስስ የዘይት ሽፋን ብቻ ነውና፥ ዘይቱ ሳይጠቍር ሊለወጥ፥ ሞተሩም ሳይሞቅ በኀይል ሊጋለብ አይገባም። ከዳገቱ ራስ ደርሶ ወዲያው ቁልፉን የሚያጠፋ ሰው፥ በጋለው ዘንግ ላይ የቀረውን ዘይት ወደ ከሰልነት ይለውጠዋል፤ ከሰሉም የዘይቱን መተላለፊያ ይደፍናል። ሞተሩ ሳይጠፋ ሁለት ደቂቃ ያህል በዝግታ እንዲዞር መተው ከዚህ ሁሉ ጥፋት ያድናል። በአርባ ዓመት ዕድሜ የደረቁ የጎማ ቱቦዎችና ያረጀ ጓርኒሲዮን የታመቀውን አየር ስለሚያፈስሱ፥ ቀዳዳውን ለማግኘት መጋጠሚያዎቹን በሳሙና አረፋ ቀብቶ በዝቅተኛ ግፊት አየር መንፋትና አረፋው የሚንፈቀፈቅበትን ማየት ይበቃል። የበጋ አቧራ ፊልትሮውን አልፎ ከገባ መዘውሯን ይቧጥጣል። ካርቡራተር ያለው ያማሃ በባሕር ጠረፍ ልክ ተስተካክሎ ከመጣ በጉለሌ ቤንዚን ይበዛበታል፤ ካንዴላውም በጥላሸት ይጠቍራል። በጉለሌ ልክ የተስተካከለውን ደግሞ ሳይለውጡ ወደ አዋሽ መውረድ የባሰ ነው፤ ቤንዚን ያነሰበት የታመቀ አየር ፒስተን ይበሳል።

ከአራቱ ኩባንያዎች ሞተሮች ምረጥ ብባል፥ የውጭውን አየር ግፊት ለክቶ ቤንዚኑን በራሱ የሚመጥነውን ሆንዳ እመርጣለሁ፤ የኤሌክትሮኒክ ክፍሎቹን ማግኘት አስቸጋሪ መሆኑ ግን አይካድም። ከእነዚህ ሞተሮች አንዱን በግቢው ያስቀመጠ ሰው ቢኖር፥ ዘይቱን ሳይለውጥና ቱቦዎቹን ሳይመረምር እንዳያስነሣው እለምነዋለሁ፤ በአዲስ አበባም በ2011 ዓ.ም. ክረምት ያለ ፈቃድ ሞተር ሳይክል ማሽከርከር ተከልክሎ ስለ ነበረ፥ ወደ ዳገቱ ከመውጣቱ በፊት በሥራ ላይ ያለውን ደንብ ጠይቆ የሚያስፈልገውን ፈቃድ ያሟላ።