የወደቀ ልጅ ሲቀልድ

እናቶችና አባቶች! በካቺሲም ሆነ በአምቦ፣ የ12ኛ ክፍል ፈተና የወደቀ ልጅ ያለበትን ቤት እናውቃለን። ልጁ ያፍራል። ጎረቤት ይጠይቃል። ቤቱ ዝም ይላል።

በጥቅምት 2015 ዓ.ም. ኩረጃ እንዲቀር ተብሎ ፈተናው የተሰጠው በየዩኒቨርሲቲው ግቢ ነበር። በአገሪቱ ከ100 ተፈታኞች ግማሽና ከዚያ በላይ ነጥብ ያገኙት 3 ያህል ብቻ ነበሩ። እንግዲህ የወደቀው የእኛ ልጅ ብቻ አይደለም።

ታዲያ ልጁ «እኔማ ዩኒቨርሲቲ ገብቻለሁ፤ በሳምንቴ ተመረቅሁ!» ቢለን፣ «አያፍርም እንዴ?» ብለን አንቆጣው። ቀልዱ ሐዘኑን ማቅለያ ነው። አብረን እንሳቅ። «እንኳን ደስ ያለህ! በል አሁን በሬዎቹን አስገባ» እንበለው።

ነገር ግን ልጁ በራሱ ሲቀልድ አንድ ነው፤ ሰው ሲቀልድበት ሌላ ነው። «በወደቀ ግንድ ምሳር ይበዛበታል» ይባላል። እኛ ምሳር አንሁን።

ስቀን ስናበቃ «ቀጥሎ ምን አሰብክ?» ብለን እንጠይቀው። ያን ዓመት ውጤታቸው ለማለፊያው ለቀረበ ልጆች በየዩኒቨርሲቲው የአቅም ማሻሻያ ትምህርት ተሰጥቷል። እንደገና መፈተንም አለ። ቴክኒክና ሙያ መማርም አለ። መንገዱ አንድ ብቻ አይደለም።