የኢጓላው ስወራ፦ «ተጣርቶ አለቀ» የተባለ ወንጀል ስለ ምን ሳይፈታ ቀረ?

በሜክሲኮ ደቡባዊ ክፍል፣ በጌሬሮ ግዛት የምትገኘው ኢጓላ ከ100,000 በላይ ሕዝብ የሚኖርባት መለስተኛ ከተማ ናት። የአገሪቱ የነጻነት ዕቅድ በ1821 የታወጀው በእርሷ በመሆኑ ስሟ በታሪክ መማሪያ መጻሕፍት የታወቀ ነበር። ከሴፕቴምበር 26 ቀን 2014 ወዲህ ግን ከተማይቱ በይበልጥ የምትነሣው በዚያች ሌሊት ደብዛቸው በጠፋ 43 ተማሪዎች ምክንያት ነው። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዘመናት በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) የጽሑፉ ዓላማ አንድ ጥያቄ መመርመር ነው፤ ይኸውም ከ100 በላይ ሰዎች የታሰሩበትና ጠቅላይ ዐቃቤ ሕጉ ራሱ እልባት አገኘ ያለው ምርመራ የተማሪዎቹን ዕጣ ሳይገልጥ የቀረው ስለ ምንድን ነው?

ወጣቶቹ በዚያው ግዛት ከሚገኘው የአዮትሲናፓ የገጠር መምህራን ማሠልጠኛ የመጡ፣ አብዛኞቹ የገበሬ ልጆች ነበሩ። በ1968 በሜክሲኮ ሲቲ የተጨፈጨፉት ተማሪዎች መታሰቢያ ኦክቶበር 2 ቀን ስለሚከበር፣ ወደዚያ የሚጓዙበት አውቶቡስ ያስፈልጋቸው ነበር። የማሠልጠኛው ተማሪዎች አውቶቡሶችን ለጊዜው ወስደው ከተገለገሉ በኋላ የመመለስ የቆየ ልማድ አላቸው፤ ሕጋዊ ባይሆንም ለዓመታት በቸልታ ሲታለፍ የኖረ ነው። በዚያች ሌሊት ግን የከተማው ፖሊስ መንገድ ዘግቶ ተኩስ ከፈተባቸው። በልዩ ልዩ ስፍራ በተፈጸሙት ጥቃቶች 6 ሰዎች ሲገደሉ ከእነርሱ መካከል 3ቱ ተማሪዎች ነበሩ። አንዱ ሟች አውቶቡሱ ከተማሪዎቹ ጋር በስሕተት የተቆጠረበት የእግር ኳስ ቡድን ታዳጊ ተጫዋች ነበር። 43ቱ በፖሊስ ተይዘው ተወሰዱ።

በኢጓላና በአጎራባቿ ኮኩላ የነበሩ የፖሊስ አባላት «ጌሬሮስ ኡኒዶስ» ለተባለው የተደራጀ የወንጀል ቡድን ይሠሩ እንደነበር ምርመራዎቹ አሳይተዋል። ግዛቱ ሄሮይን የሚሠራበት የኦፒየም አበባ በብዛት የሚበቅልበት ነው፤ ቡድኑም በዚህ ንግድ የጎለበተ ነበር። ከንቲባው ሆሴ ሉዊስ አባርካ ከነባለቤቱ ከከተማይቱ ሸሽቶ ከቆየ በኋላ በኖቬምበር 2014 በሜክሲኮ ሲቲ ተያዘ። በትልቅ ከተማ ወንጀለኛው ከፖሊስ ይሸሸጋል፤ እንዲህ ባለች ከተማ ግን አቤት የሚባልበት ቢሮና ወንጀሉ የተፈጸመበት ተሽከርካሪ የአንድ መሥሪያ ቤት ንብረት ሆነው ተገኙ። በመሆኑም ጉዳዩ ወደ ፌዴራሉ መንግሥት ከማለፉ በፊት በነበሩት የመጀመሪያ ቀናት ብዙ ነገር ባከነ።

ጠቅላይ ዐቃቤ ሕጉ ሄሱስ ሙሪዮ ካራም በጃንዋሪ 2015 «ታሪካዊው እውነት» ሲል የሰየመውን መደምደሚያ ይፋ አደረገ። በዚህ መሠረት ፖሊሶች ተማሪዎቹን ለወንጀል ቡድኑ አስረከቡ፤ ቡድኑም በኮኩላ የቆሻሻ መጣያ ገድሎ በአንድ ሌሊት እሳት ካቃጠላቸው በኋላ አመዱን በሳን ሁዋን ወንዝ ጣለው። ትረካው መነሻና መድረሻ ነበረው፤ ገዳዮቹም በቪዲዮ ሲናዘዙ ታይተዋል። ድክመቱ የታየው ከሰው ቃል ወደ ቁስ ሲኬድ ነው።

የአሜሪካ አገሮች የሰብአዊ መብት ኮሚሽን የመደበው የነጻ ባለሙያዎች ቡድን በሴፕቴምበር 2015 ባወጣው ዘገባ፣ የእሳት ሳይንስ ምሁሩ ሆሴ ቶሬሮ ያደረጉትን ስሌት አቀረበ። አንድን አስከሬን በገላጣ ስፍራ ሙሉ በሙሉ ለማቃጠል 700 ኪሎ ግራም ያህል እንጨት ያስፈልጋል። ይህ በ43 ሲባዛ ከ30 ቶን በላይ ይሆናል፤ በዚያ ላይ ከ13 ቶን የሚበልጥ የመኪና ጎማ መጨመርና እሳቱ ለ60 ሰዓታት ያህል መንደድ ነበረበት። ይህን የሚያህል እሳት በዙሪያው ያለውን ዕፅዋት ሳይለበልብ፣ ጢሱም ከሩቅ ሳይታይ ሊያልፍ አይችልም። በስፍራው ግን እንዲህ ያለ ምልክት አልተገኘም። የአርጀንቲና የፎረንሲክ አንትሮፖሎጂ ቡድንም በራሱ መንገድ አጥንቶ ማስረጃው የዐቃቤ ሕጉን ትረካ እንደማይደግፍ አስታወቀ። የሁለቱ ጥናቶች ብርታት ማንንም ምስክር እመኑ አለማለታቸው ይመስለኛል፤ እንጨቱን መመዘን ለማንም የተፈቀደ ነው።

ሁለተኛው ስንጥቅ በወንዙ ዳር ታየ። አጥንት የያዘው ከረጢት ተገኘ የተባለው ኦክቶበር 29 ቀን 2014 ነው። በኋላ ይፋ በሆነ ምስል ግን የወንጀል ምርመራ ኃላፊው ቶማስ ሴሮን በዋዜማው አንድ ተጠርጣሪ ይዞ በዚያው ስፍራ ሲንቀሳቀስ ታየ፤ ይህም ጉዞ በመዝገቡ ውስጥ አልሰፈረም። ከከረጢቱ የተገኘ አጥንት በኦስትሪያ የኢንስብሩክ ዩኒቨርሲቲ በተደረገ የዘረ መል ምርመራ የአንዱ ተማሪ መሆኑ ተረጋግጧል። ስለዚህ አጥንቱ እውነተኛ ሲሆን ወደ ወንዙ የደረሰበት መንገድ ግን አጠራጣሪ ሆነ። ሴሮን ዛሬ በእስራኤል ይገኛል፤ ሜክሲኮ ተላልፎ እንዲሰጣት ጠይቃለች፤ እርሱም ክሱን ይክዳል። ሙሪዮ ካራም በኦገስት 2022 ተይዞ ተከሷል፤ እርሱም ጥፋተኛ አይደለሁም ይላል።

ኑዛዜዎቹስ? የተባበሩት መንግሥታት የሰብአዊ መብት ጽሕፈት ቤት በ2018 ባወጣው ዘገባ፣ 34 ታሳሪዎች ስለ መሰቃየታቸው በቂ ምክንያት ማግኘቱን ገለጠ። በስቃይ የተገኘ ቃል በፍርድ ቤት ተቀባይነት የለውምና በ2019 ብዙ ተከሳሾች፣ ፖሊሶችም ጭምር፣ ተለቀቁ። ከተለቀቁት መካከል በእርግጥ እጃቸው ያለበት ሰዎች ኖረው ሊሆን ይችላል፤ ማሰቃየቱ እነርሱንም ነጻ አወጣ። ቡድኑን ሊያስጠይቅ የሚችለው ማስረጃ የተበላሸው በራሱ በመርማሪው እጅ ነበር ማለት ነው።

ጥቃቱ ያን ያህል የበረታበት ምክንያትም ገና አከራካሪ ነው። ነጻ ባለሙያዎቹ ተማሪዎቹ የያዙት አምስተኛ አውቶቡስ ከይፋዊው ትረካ መውጣቱን አስተውለዋል። የቡድኑ አባላት በአውቶቡስ ሄሮይን ወደ ቺካጎ ያጓጉዙ ነበር የሚል ክስ በዚያችው ከተማ ፌዴራል ፍርድ ቤት ቀርቦ ነበር። ከዚህ በመነሣት ተማሪዎቹ ሳያውቁ ዕፅ ወይም ገንዘብ የተደበቀበት አውቶቡስ ወስደው ይሆናል የሚል መላ ምት አቀረቡ። መላ ምቱ አልተረጋገጠም። በኢጓላ የሠፈረው የጦር ክፍል በዚያች ሌሊት ምን ያውቅ እንደነበር የሚያሳዩ ሰነዶች ተሟልተው እንዳልተሰጧቸው አስታውቀው ባለሙያዎቹ በ2023 ሥራቸውን አቋርጠዋል።

እስካሁን በአጥንት የተለዩት ተማሪዎች 3 ናቸው። የአንዱ ቅሪት በ2020 የታወቀው ከመጣያው 800 ሜትር ያህል ርቆ በሚገኝ ገደል ውስጥ ከተገኘ አጥንት ነበር። ሰዎችን ከመሰወር ለመጠበቅ የወጣው ዓለም አቀፍ ስምምነት ድርጊቱን ቀጣይነት ያለው ወንጀል አድርጎ ስለሚመለከተው፣ የይርጋ ዘመን የሚቆጠረው ወንጀሉ ካበቃበት ቀን አንሥቶ ነው። በኦክቶበር 2014 ተማሪዎቹን ፍለጋ በከተማይቱ አፋፍ በተቆፈሩት የመጀመሪያዎቹ ስውር መቃብሮች 28 አስከሬኖች ተገኝተው ነበር። ሲመረመሩ ከተማሪዎቹ የአንዱም አልነበሩም። ከዚያ በኋላ ሌሎች የኢጓላ ቤተሰቦች፣ ከዚያች ሌሊት በፊት የጠፉባቸውን ልጆች ለመፈለግ አካፋና ዶማ ይዘው ወደ ኮረብቶቹ መውጣት ጀመሩ።